ሆድ ሲብሰው፦ በስሜት ግፊት መብላትና የሥነ ልቦና ሕክምናው በናይሮቢዋ ኢስትሊ

ሰው የሚበላው ርቦት ብቻ አይደለም። ሲያዝን፣ ሲጨነቅ፣ ሲሰለቸው፣ ብቸኝነት ሲከብደውም ይበላል። አልፎ አልፎ ሲሆን ይህ የማንኛውም ሰው ጠባይ ነው። ጭንቀትን ለማስታገስ ከምግብ በስተቀር ሌላ መንገድ ሲጠፋ ግን ጉዳዩ ከልማድ አልፎ የጤና ችግር ይሆናል። በናይሮቢ ከተማ ኢስትሊ በተባለችው ሰፈር የስደት ጉዳያቸውን ውሳኔ እየጠበቁ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሊያውያን ይህ ችግር ከሚበላው ምግብ ይልቅ ከሚጠበቀው መልስ ጋር የተቆራኘ ነው።

በስሜት ግፊት መብላትን የሚያቀልሉ የንግግር ሕክምናዎች መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል። ከእነዚህ ሕክምናዎች የተገኙ ቀላል ስልቶችን ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን የሠለጠኑ የሰፈር ሰዎች ሊሰጧቸው እንደሚችሉም በዚያችው በናይሮቢ ታይቷል። ስለዚህ ለኢስትሊ ዋናው ጥያቄ እርዳታው በየትኛው ቋንቋ፣ በማን እጅና በማን ወጪ ወደ ተቸገረው ሰው ይደርሳል የሚለው ነው።

የመጠበቅ ሰፈር

ኢስትሊ እ.አ.አ. በ1921 በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን የተመሠረተች ሰፈር ናት። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ፣ በኢትዮጵያም የደርግ ሥርዐት ሲወድቅ፣ ከሁለቱም ሀገሮች የተሰደዱ ሰዎች ወደ ናይሮቢ መጡ። ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ገበያ አዳራሽነት ከተለወጠ ወዲህ ሰፈሯ በምሥራቅ አፍሪካ ከታወቁት የንግድ ማዕከሎች አንዷ ሆናለች። ዛሬ በኢስትሊ መንገዶች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ስዋሂሊ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማሉ፤ እንጀራና ፓስታ፣ ማንዳዚና ሳምቡሳ ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

ከዚህ የንግድ ግርግር ጀርባ ግን ጸጥ ያለ ሕይወት አለ። የኬንያ ፖሊሲ ለረጅም ዘመን ስደተኞች በዳዳብና በካኩማ መጠለያዎች እንዲኖሩ ሲያዝ ቆይቷል። በ2012 ማብቂያ መንግሥት በከተማ የሚኖሩ ስደተኞች ወደ መጠለያ እንዲሄዱ ሲያዝ፣ የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 አጋማሽ ትእዛዙን ሻረው። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዋች በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ ከኅዳር 2012 አጋማሽ እስከ ጥር 2013 ማብቂያ ባሉት ሳምንታት በናይሮቢ ቢያንስ 1,000 በሚሆኑ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ፖሊስ በደል መፈጸሙን ገልጿል። በሚያዝያ 2014 ደግሞ «ኡሳላማ ዎች» በተሰኘው ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታፍሰው ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ተይዘው ነበር።

በ2021 የጸደቀው አዲሱ የስደተኞች ሕግ የሥራና የመንቀሳቀስ መብትን የሚያሰፉ ድንጋጌዎች ይዟል። ቢሆንም በከተማ የሚኖር ስደተኛ በአመዛኙ የምግብ ራሽን አያገኝም፤ የቤት ኪራይና የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በራሱ ጥረት ወይም ከውጭ ዘመድ በሚላክ ገንዘብ ነው። በጥር 2025 የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን ሲያቋርጥ፣ በየሀገሩ የበረራ ቀን የተቆረጠላቸው ሳይቀሩ ጉዟቸው ተሰርዟል። የሰፈሩ ሰው በአጭሩ «ፕሮሰስ» የሚለው ጉዳይ ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት ዕቅድ ሁሉ የተንጠለጠለበት ክር ነው። ክሩ ሲበጠስ ወይም ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ሰውነትም ምላሽ ይሰጣል። አንዱ እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው ምግብ ይዘጋዋል፤ ሌላው ደግሞ መብላት ማቆም ያቅተዋል።

ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?

አማርኛ ስሜትንም ረሃብንም በአንድ ቃል ያስቀምጣል፤ ሆድ ይራባል፣ ሆድ ይብሰዋል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ባር ባር ይላል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ብዙ ገጽ ጽፎ የሚያስረዳውን ነገር ቋንቋው አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። የሕክምናው የመጀመሪያ ጥያቄም ከዚሁ አይርቅም፦ አሁን ሆድህ ርቦት ነው ወይስ ብሶት?

የሁለቱ መለያ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። የሆድ ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፣ የተገኘውን ምግብ ሁሉ ይቀበላል፣ ሲጠግብም ያቆማል። የብሶት ረሃብ በድንገት ይነሣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭ ወይም ቅባት ያለበትን ነገር ይመርጣል፣ ጥጋብም አያስቆመው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እርካታ ሳይሆን ጸጸትና ኀፍረት ነው። ኀፍረቱ ራሱ አዲስ ብሶት ስለሆነ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

በስሜት ግፊት መብላት በራሱ የሕመም ስም አይደለም። ነገር ግን ሲባባስ፣ ራስን መቆጣጠር እየጠፋ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ምግብ ወደ መብላት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ሁኔታ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲከሰት፣ ለሦስት ወር ሲዘልቅና ብርቱ ጭንቀት ሲያስከትል የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም እንዲሁ ያውቀዋል። ይህ ዕውቅና ለበሽተኛው ትርጉም አለው፤ «ሆዳም» የሚለውን ስድብ «ታማሚ» በሚለው ቃል ይተካዋልና።

በኢስትሊ ሁኔታ ችግሩን የሚሸፍኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ውፍረት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የምቾት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ነው። በቪዲዮ ስልክ የሚያያት ዘመድ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ሲላት፣ ሌሊቱን በጭንቀት ስትበላ የምታነጋው ሴት ምን ብላ ትመልሳለች? ሁለተኛው ጫት ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ቀኑን ሙሉ ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናው ሲለቀው፣ ድብርቱና የቀኑ ረሃብ አንድ ላይ ይመጡበታል። ያን ጊዜ በሌሊት የሚበላውን ምግብ «ራት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከጀርባው የተደበቀ ሌላ ጉዳይ ሊኖር ይችላል።

«አትብላ» የሚለው ምክር ለምን አይሠራም?

በ2022 የተካሄደው የኬንያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 45 በመቶው ከሚገባው በላይ ክብደት እንዳላቸው አሳይቷል፤ በ2014 ቁጥሩ 33 በመቶ ነበር። ይህን ያየ ሐኪም ለታካሚው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ምግብ ቀንስ፣ ስኳር ተው፣ ተንቀሳቀስ። ለስኳር ሕመምና ለደም ግፊት ምክሩ ተገቢ ነው። በብሶት ለሚበላ ሰው ግን ብቻውን ሲሰጥ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከ80 ዓመት በፊት የተደረገ አንድ ሙከራ ይረዳል። በ1944 እና በ1945 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ ወደ ጦርነት ላለመሄድ በሕሊናቸው የወሰኑ 36 ጤነኛ ወጣቶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለስድስት ወራት ያህል በግማሽ ምግብ አኖራቸው። ወጣቶቹ ከክብደታቸው በተጨማሪ ሰላማቸውንም አጡ። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ያስቡ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም ብዙዎቹ ለወራት ጥጋብን ማወቅ ተሳናቸው፤ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ይበሉ ነበር።

ትምህርቱ ለስደተኛ ቅርብ ነው። በመንገድ ላይ፣ በእስር ቤት ወይም በመጠለያ የተራበ ሰው ምግብ ሲያገኝ ከልክ በላይ ቢበላ ጉድለቱ የባሕርይ ሳይሆን ረሃቡን ያልረሳ ሰውነት ሥራ ነው። ዛሬም የኪራይ ቀን ሲደርስ ምግብ የሚያንሰው፣ ገንዘብ ሲላክ ደግሞ የሚበዛው ቤት ይህንኑ የረሃብና የጥጋብ መፈራረቅ በትንሹ ይደግመዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ተጨማሪ ክልከላ መድኃኒት ሊሆነው አይችልም።

የንግግር ሕክምናዎቹ አሠራር

በጥናት የተደገፉት ሕክምናዎች በሦስት መንገድ ሊታዩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። በአመጋገብ ሕመም ረገድ በይበልጥ የታወቀውን ስልት የቀመረው በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ፌርበርን ነው። ሥራው የሚጀምረው ሰዎች ከሚጠብቁት በተቃራኒ ነው፤ ታካሚው በሰዓቱ እንዲበላ ይደረጋል። ቁርስ፣ ምሳና ራት፣ በመካከላቸውም ቀለል ያለ መክሰስ ይኖራል፤ በምግቦቹ መካከል ከአራት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ልዩነት ይደረጋል። ከዚያ ታካሚው ምን፣ መቼ፣ የት እንደበላና በዚያን ሰዓት ምን ይሰማው እንደነበር ይጽፋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ራሱ ይናገራል፦ ከዘመድ ጋር በስልክ ከተጣሉ በኋላ፣ ከስደተኞች ጽሕፈት ቤት መልስ ሳያገኙ በተመለሱበት ቀን፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ። ምክንያቱ ሲታወቅ በቦታው ሌላ ነገር ማዘጋጀት ይቻላል።

የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም በመጀመሪያ የመከረው ውድ ክሊኒክን አይደለም። በዚሁ ስልት ላይ የተመሠረተ የራስ አገዝ መጽሐፍ፣ ከ4 እስከ 9 ከሚደርሱ የ20 ደቂቃ አጫጭር የድጋፍ ስብሰባዎች ጋር ነው። ይህ ያልበቃው ሰው ወደ ቡድን ሕክምና ይሸጋገራል። መመሪያው አንድ እውነትም አይደብቅም፤ እነዚህ ሕክምናዎች በክብደት ላይ የሚያመጡት ለውጥ ውስን መሆኑ ለታካሚው እንዲነገር ያዛል። የሚድነው ሰው ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ ሚዛኑ ብዙም ላይለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ስሜትን መቻል ያስተምራል። ማርሻ ሊነሃን ራስን ለመግደል ለሚያስቡ ሰዎች የቀመረችው ሕክምና በኋላ ከልክ በላይ ለሚበሉ ሰዎች ተስተካከለ። መሠረተ ሐሳቡ ግፊት እንደ ማዕበል ነው የሚል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ካልተነካ ይወርዳል። ታካሚው ማዕበሉ እስኪያልፍ በእርጋታ መተንፈስን፣ ስሜቱን በስሙ መጥራትን፣ ሰውነቱን በሌላ ነገር መያዝን ይማራል። በ2001 በወጣ ጥናት 44 ሴቶች ተሳትፈው፣ 20 ሳምንታዊ ስብሰባዎችን ካጠናቀቁት መካከል 89 በመቶው ከልክ በላይ መብላት አቁመው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ ወደ 56 በመቶ ወረደ። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ክትትል ከሌለ ችግሩ እንደሚመለስም ያስጠነቅቃል።

ሦስተኛው ምግብን ዋና ርእሱ አያደርግም። የሰው ለሰው ግንኙነት ሕክምና የሚባለው ይህ ስልት በአራት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል፦ ሐዘን፣ ጠብ፣ የኑሮ ለውጥና ብቸኝነት። አራቱን ላነበበ ስደተኛ የራሱ ታሪክ የተዘረዘረ ሊመስለው ይችላል። በ2002 የወጣ ጥናት ይህ ሕክምና በቡድን ሲሰጥ ከአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናው ጋር የሚመጣጠን ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። ይኸው ስልት በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ገጠሮች በድብርት ለተጠቁ ሰዎች፣ በአጭር ጊዜ በሠለጠኑ የአካባቢው ተወላጆች ተሰጥቶ ጥሩ ውጤት ማስገኘቱ በ2003 ታትሟል።

ከዳጎሬቲ የተገኘው ትምህርት

የእነዚህ ጥናቶች አብዛኛው ክፍል በሀብታም ሀገር፣ በልዩ ክሊኒክ የተደረገ ነው። ኢስትሊ ግን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያክም የአመጋገብ ሕመም ስፔሻሊስት እስኪመጣ ልትጠብቅ አትችልም። የኬንያ መንግሥት ያቋቋመው የአእምሮ ጤና ግብረ ኃይል በ2020 ባቀረበው ሪፖርት የአእምሮ ሕመም በሀገሪቱ እንደ ብሔራዊ አስቸኳይ ጉዳይ እንዲታወጅ መክሮ ነበር። ለዜጎቹ ባለሙያ ያነሰው ሀገር ለስደተኛው በቋንቋው የሚያክም ስፔሻሊስት በቅርቡ ያዘጋጃል ተብሎ አይጠበቅም።

አማራጩን ያሳየው በዚያው ከተማ በሌላ ጫፍ በዳጎሬቲ የተደረገ ጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የተባለው አጭር ሕክምና አምስት ሳምንታዊ ስብሰባዎች ብቻ አሉት። ሰውየው በእርጋታ መተንፈስን፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ከማይፈታው ለይቶ ደረጃ በደረጃ መፍታትን፣ የተወውን ሥራና ጨዋታ እንደገና መጀመርን፣ ከሰው ጋር መገናኘትን ይማራል። በ2017 በታተመው ጥናት፣ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው 421 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የጤና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሕክምናውን ያገኙት ሴቶች ጭንቀት መደበኛውን ድጋፍ ካገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህ ጥናት ስለ ጭንቀት እንጂ ስለ መብላት አልነበረም፤ ውጤቱም በቀጥታ ወደ አመጋገብ ሊገለበጥ አይገባም። ሆኖም በስሜት ግፊት የሚበላ ሰው መነሻው ጭንቀት ስለሆነ፣ ጭንቀቱን የሚያቀልለው እርዳታ ምክንያታዊ መጀመሪያ ነው። በእርሱ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል፦ በሰዓቱ መብላትና አጭር የምግብና የስሜት መዝገብ። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የሚያዳምጥ የሠለጠነ ሰው ነው። ራስን የመግደል ሐሳብ ያለው፣ ከበላ በኋላ ራሱን የሚያስመልስ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነ ሰው ግን ወደ ሐኪም መላክ ይኖርበታል። ከኢስትሊ የማይርቀው የማታሪ ብሔራዊ ሆስፒታል ለከባድ የአእምሮ ሕመም ዋናው መዳረሻ ነው።

ቋንቋ፣ ምስጢርና ጾም

ሕክምናው ወደ ኢስትሊ ሲገባ ሦስት እንቅፋቶች ይጠብቁታል። ቀዳሚው ምስጢር ነው። የንግግር ሕክምና የቆመው በእምነት ላይ ነው። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ወይም የዕድር አባል ሊሆን ይችላል። የተነገረው ነገር ወደ ቡና ጠጪዎቹ ይደርሳል ብሎ የፈራ ሰው አይናገርም። ስለዚህ የአማካሪው ሥልጠና ግማሹ ዝም ማለትን መማር መሆን አለበት፤ ታካሚውም አስተርጓሚውን የመምረጥና የመለወጥ መብት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው የማዕድ ባህል ነው። በአንድ ትሪ አብሮ በሚበላበት፣ ጉርሻ ፍቅር በሆነበትና እንቢ ማለት ስድብ በሚመስልበት ቤት «የምትበላውን ለብቻህ ለካ» የሚል ምክር ሰውን ከሰው ይለያል። ብልህ አማካሪ ማዕዱን እንደ መድኃኒት ይጠቀምበታል። በብሶት የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ ተደብቆና ብቻውን ነው የሚበላው፤ ከሰው ጋር በሰዓቱ መቅረብ ራሱ ግማሽ ፈውስ ነው። በአንጻሩ ደግሞ «ብላ ብላ» የሚለው ቤተሰብ፣ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ያለውን ሰው ማክበር እንዲለምድ መነገር አለበት።

ሦስተኛው ጾም ነው። በኢስትሊ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ይጾማል። ጾም ሕመም አይደለም፤ ለብዙዎች የመንፈስ ጽናት ምንጭ ነው። ነገር ግን ከልክ በላይ በመብላት ለሚቸገር ሰው ረጅሙ የቀን ክልከላ የማታውን ግፊት ሊያበረታበት ይችላል፤ አንዳንዱም ጾምን ለበላው ራሱን መቅጫ ያደርገዋል። እስልምና የታመመን ሰው ከረመዳን ጾም ያሳርፋል፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የነፍስ አባት ለታመመ ልጁ ጾሙን ያቀልላል። አማካሪው ከካህኑና ከኢማሙ ጋር ካልተነጋገረ ታካሚው በሁለት ምክር መካከል ይቀራል።

ሕክምናው የማይተካው ነገር

ማንም የሥነ ልቦና ባለሙያ መታወቂያ ወረቀት አይሰጥም፤ የቤት ኪራይም አይከፍልም። ለጭንቀቱ እውነተኛ ምክንያት ያለውን ሰው «አስተሳሰብህን ለውጥ» ብቻ ብሎ መሸኘት በደል ላይ በደል መጨመር ይሆናል። በኬንያ ስደተኞችን የሚረዱ ድርጅቶች የምክር አገልግሎትን ከሕግ ድጋፍና ከኑሮ ድጎማ ጋር ለማያያዝ የሞከሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ2025 የዓለም አቀፍ እርዳታ በብርቱ ሲቀነስ ግን እንዲህ ያለው ሥራ በየሀገሩ ተመናምኗል። የበጀት ጠረጴዛ ላይ ምግብ፣ መጠለያና መድኃኒት በቅድሚያ ይቀመጣሉ፤ ማዳመጥ ከመጨረሻ ይመጣል።

ይህ ቅደም ተከተል አስተዋይ ቢመስልም ጉድለት አለው። ያልታከመ ብሶት ከዓመታት በኋላ በስኳር ሕመም፣ በደም ግፊትና በድብርት መልክ ወደዚያው የጤና ጣቢያ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ወጪው ከአምስት የምክር ስብሰባ እጅግ ይበልጣል። እርዳታ ሰጪዎች፣ የናይሮቢ ከተማ የጤና ቢሮና የኢስትሊ ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር የተወሰነ ነው፤ ሊሠራም ይችላል። በየቋንቋው ጥቂት ሰዎችን ማሠልጠን፣ በባለሙያ እንዲመሩ ማድረግና ለአገልግሎታቸው መክፈል ነው።

እስከዚያው ድረስ በቤት የሚጀመር ነገር አለ። እናት፣ ባል ወይም የክፍል ጓደኛ በሌሊት ተደብቆ የሚበላውን ሰው ሲያዩ፣ ስለ ክብደቱ ከመናገር በፊት ስለ ቀኑ ውሎ ቢጠይቁት የባለሙያው የመጀመሪያ ጥያቄ በእነርሱ አንደበት ተጠየቀ ማለት ነው። መልሱ «ርቦኝ ነው» ከሆነ ምግብ ይቅረብ። «ከፍቶኝ ነው» ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ነው።